ዋሱ ኢንዲያና ነው

አባቴ ሰው መለመን አይወዱም። ከእኛ ጋር ኮሎራዶ፣ ኦሮራ መኖር ከጀመሩ ወዲህ ልብስ ግዙልኝ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ብለው እንኳ አያውቁም። አንድ ቀን ግን ስልክ አናግረው ጨረሱና ሳሎኑ መሀል ቆመው፣ «እህቴ ‹እርስዎ› ሳትለኝ ልድረስባት» አሉን።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ ናቸው። ሲያትል ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አባቴ ጡረታ ወጥተው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ ፀጉራቸው ጥጥ መስሎ እንኳ፣ አክስቴ ስልክ ባነሱ ቁጥር የሚሏቸው «አንተ ልጅ፣ በልተሃል?» ነው። ያን ሰሞን የአክስቴ ልጅ ደውላ እናቷ ሰው መርሳት እንደ ጀመሩ ነገረችን። ሲረሱ አይጮኹም፣ አይሳደቡም። የረሱትን ሰው «እርስዎ» ማለት ይጀምራሉ። መጀመሪያ ጎረቤታቸውን፣ ቀጥሎ የንስሐ አባታቸውን፣ በመጨረሻም የገዛ ልጃቸውን፣ ጡት ያጠቧትን፣ «እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?» አሏት። አባቴ እስካሁን «አንተ ልጅ» ነበሩ። እስከ መቼ እንደሆኑ ግን ማንም አያውቅም።

ችግሩ አባቴ አይበሩም። አሜሪካ ሲመጡ አውሮፕላን ላይ እግራቸው ውስጥ ደም ረግቶ ከሞት ነው የተረፉት፤ ሐኪማቸው ሁለተኛ እንዳይሞክሩት ብሏል። በመኪና እንዳንወስዳቸው ደግሞ በደም ግፊቱ ኪኒን ምክንያት በየደረሱበት ሽንት ቤት ያስፈልጋቸዋል። ከኮሎራዶ እስከ ሲያትል ያለውን ምድረ በዳ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ባሌ «አርቪ እገዛለሁ» አለ። አልጋ ያለው፣ ምድጃ ያለው፣ ከሁሉ በላይ ሽንት ቤት ያለው መኪና። አማች ለማስደሰት ሰው ፍየል ይገዛል፣ ቢበዛ ጋቢ ይገዛል፤ የእኔው ቤት ገዛ። ጎሽ ማለት ነበረብኝ፤ ብያለሁም። ግን ባሌን አውቀዋለሁ። ቲማቲም ለመግዛት ሦስት ሱቅ የሚዞር ሰው ነው። ከቤታችን ሁለት መብራት እንዳለፍን አርቪ የሚሸጥና የሚጠግን ዲለር አለ፤ አጥሩ በአርቪ ተሞልቶ ከመንገድ ይታያል። ባሌ ግን ቴክሳስ ሄዶ ገዛ። ጓደኛው «እዚያ ይረክሳል» አለውና በቃ።

ነድቶ ሲመጣ ክላክስ እያሰማ ነው። አባቴን እጃቸውን ይዞ አስገብቶ ሽንት ቤቱን አሳያቸው፣ ውሃውን ለቆ አሰማቸው። ቀጥሎ ስላይዱን ላሳያችሁ አለ። ስላይድ የሚሉት የአርቪው ግድግዳ ነው፤ ቁልፍ ሲጫኑት ሶፋውን እንደያዘ እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ ይወጣና ቤቱን ያሰፋዋል። ተጫነው፣ ወጣ። አባቴ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። መልሶ ተጫነው። ከውስጥ አንድ ነገር ሲያቃስት ተሰማና ዝም አለ። ግድግዳው እንደወጣ ቀረ።

ግድግዳው ከነሶፋው የጎረቤታችን ፓርኪንግ ላይ ነው የወጣው። በዚህ ሁኔታ መንዳት አይቻልም፤ መንገድ ላይ የሰው መኪና ይዞ ነው የሚሄደው። ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ሰው መጥቶ አየና በሳምንቱ መጨረሻ ካልተነሳ አስጎትተዋለሁ አለ። እንዴት አድርጎ እንደሚያስጎትተው ብጠይቀው እሱም አሰበና «አላውቅም፣ ግን አስጎትተዋለሁ» አለኝ።

ባሌ አልደነገጠም። «አዲስ ነው እኮ! ዋራንቲ አለው» አለና የሰፈራችን ዲለር ጋ ደወለ። ሁላችንም እንድንሰማ ስፒከር ላይ አደረገው። ሴትየዋ መልካም ሰው ነች፤ የተበላሸውን ነገራት፣ አዘነችለት። «የት ነው የገዛኸው?» አለችው። ቴክሳስ አላት። «ኦ» አለች። ያ «ኦ» ረጅም ነበር። ከእነሱ ያልተገዛ አርቪ በዋራንቲ አንሠራም፣ የገዛህበት ውሰደው አለችው። ግድግዳው ወጥቶ እንዴት እነዳዋለሁ አላት። እንግዲያው ግድግዳውን መጀመሪያ አሠራ አለችው። የት ላሠራው አላት። የገዛህበት አለችው። እዚህ ላይ እኔ ሳቅኩ፤ ባሌም እስከ ዛሬ አልረሳልኝም።

ከዚያ ኢንዲያና ወዳለው ፋብሪካ ደወለ። ፋብሪካው፣ ዋራንቲው የጸና ነው፣ የእኛን አርቪ የሚሸጥ ማንኛውም ዲለር ሊሠራው ይችላል አለ። «ይችላል ወይስ ግዴታ አለበት?» ብዬ ከጎን ጮህኩ። «ይችላል» አለ ሰውዬው።

አባቴ እስከዚህ ድረስ ሶፋው ላይ፣ ማለትም ጎረቤታችን ፓርኪንግ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። «ምንድን ነው የሚሉት?» አሉ።

«ዋስትናውን አንቀበልም አሉ፣ አባባ» አላቸው ባሌ።

ይቺ ናት ነገር ያመጣችው። «ዋራንቲ» ቢላቸው ኖሮ የፈረንጅ ነገር ነው ብለው ይተዉት ነበር። ዋስትና ሲላቸው ግን ጀርባቸውን ቀና አደረጉ። አባቴ ጉለሌ ሳሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ፣ ድንበር የሚያካልሉ፣ ለሰው ልጅ ሚስት የሚጠይቁ። ዋስ የሚባለውን ነገር ጠንቅቀው ያውቁታል።

«ዋሱ ማን ነው?» አሉ።

«ፋብሪካው ነው።»

«የት ነው የሚገኘው?»

«ኢንዲያና።»

«ዋስ ጥራ ተብለህ ጠራኸው?»

ባሌ እኔን አየኝ። «ጠራሁት» አለ።

«እሱስ ዋስነቱን ካደ?»

«አልካደም። የጸና ነው ብሏል።»

«እና ዋሱ አምኖ ሰዎቹ እንዴት እምቢ ይላሉ?» አሉ አባቴ። ተቆጡ። «እኔ ቴሌ ስቀጠር ዋስ አምጣ ተባልኩ። ዋስ የሆነችኝ እህቴ ናት። የጓሮ ክፍሎቿን እያከራየች ነበር የምትኖረው፤ ያለ ዋስ አንድ ተከራይ አታስገባም። ለእኔ ግን ቤቷን አስያዘችልኝ። ባጠፋ ኖሮ ቤቷ ይሄድ ነበር። ዋስ ማለት ይህ ነው። ይህ ነገር የሚያልቀው በስልክ አይደለም። ሽማግሌ ይላካል።»

ባሌ፣ አባባ እዚህ አገር እንደሱ የለም አላቸው። እሳቸውም ሽማግሌ የሌለበት አገር የለም አሉት። እኔ ደግሞ በባሌ ላይ ከመናደዴ ብዛት ሄደው ጉዱን ይዩት አልኩ።

በማግስቱ አባቴ ሁለት ወዳጆቻቸውን ጠሩ። አንደኛው ከቤተ ክርስቲያን ጓደኛቸው ናቸው፤ ሁለተኛው ሃቫና መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ እኛ ሐጂ የምንላቸው የመርካቶ ልጅ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሱፍ ለብሰው ነጠላ ደረቡበት፤ ሐጂ ነጩን ቆባቸውን አደረጉ። ባሌ ነዳ፤ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልበል። ሆስፒታል ነው የማስተረጉመው፤ ሕጋችን ጥብቅ ነው። የተባለውን ሁሉ ማለት፣ አለመጨመር፣ አለመቀነስ። ከራሳችን የምንለው ነገር ካለ እንኳ «እኔ» አንልም፤ «አስተርጓሚዋ ማብራራት ትፈልጋለች» ነው የምንለው። ስለ ራሴ እንደ ሌላ ሰው ማውራት ለምጃለሁ፤ ቤትም አንዳንዴ ያመልጠኛል።

ዲለሩ ጋ ገባን። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ፈገግ ብላ ተቀመጡ አለች። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። ቡና ከማሽኑ ልቅዳላችሁ አለች። አልጠጡም። አባቴ «ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም፣ እህል ውሃም አንቀምስም» አሉ፤ እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ልጅቷ ፈገግታዋን ሳታወርድ ስልክ አነሳች። ይህን ጊዜ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ገቡና ሦስቱ ቆመው ሲያዩ ሰልፍ መሰላቸው፤ ከሐጂ ኋላ ቆሙ። ከሳቸው ኋላ ባልና ሚስት ቆሙ። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ አዳራሹ ውስጥ ቆንጆ ሰልፍ ተሠራ።

የሰርቪሱ ኃላፊ መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ ላይ ሬዲዮ የሰካ፣ ፊቱ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲጮኽበት የዋለ ሰው ፊት ነው። አባቴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱትና፣ «ለክፉ አይደለም የመጣነው» አሉ።

ተረጎምኩ። ሰውዬው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«የመጣነው ስለ አንዲት ልጃችሁ ነው። እናንተ ቤት አልተዳረችም፣ እውነት ነው። ሌላ አገር ነው የተዳረችው። ግን የአባቷ ስም በራችሁ ላይ በትልቁ ተሰቅሏል፤ ስንገባ አይተነዋል። አሁን ታማለች። የአባቷን ስም ሰቅላችሁ የአባቷን ልጅ አናውቃትም ማለት ይገባል ወይ?»

ይህንንም ተረጎምኩ፤ ምን ላድርግ፣ ሕግ ነው። ሰውዬው «ማን ነው የታመመው? አምቡላንስ ልጥራ?» አለ። ሰልፉ ውስጥ ያለችው ሚስት «ጎድ ብለስ ሀር» ብላ መረቀቻት።

አስተርጓሚዋ ማብራራት ትፈልጋለች አልኩና ልጅ የተባለችው አርቪ፣ አባቷም ፋብሪካው እንደሆነ፣ ቴክሳስ እንደተገዛች፣ ስላይዷ እንደማይገባ፣ አባቴም ሲያትል ያሉት እህታቸው ሳይረሷቸው መድረስ እንዳለባቸው ነገርኩት። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። ያባርረናል ብዬ ነበር፤ ግን እንደ ሰው ማስረዳት ጀመረ።

ፋብሪካው ለዋራንቲ ሥራ የሚከፍለን ሠራተኛዬ ከሚፈጅበት ሰዓት ያነሰ ነው፣ እሱንም ዘግይቶ ነው አለ። መካኒኮቼ ጥቂት ናቸው። ከእኔ የገዙ ሰዎች ከፀደይ ጀምሮ ተራ ይጠብቃሉ። ከሌላ ቦታ በርካሽ የገዛውን ካስቀደምኩ እኔን አምነው ለገዙት ምን እላለሁ? ይህን ሲል ዓይኑ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ያለው ባሌ ላይ አረፈ። ትኩር ብሎ አየው።

«አንተን አውቅሃለሁ» አለው። «እዚህ መጥተህ ነበር። ሻጩ ስላልነበረ ያንኑ ዓይነት አርቪ እኔ አሳየሁህ። አልጋው ላይ ተኛህ። ሽንት ቤቱን አምስቴ ለቀህ ሰማህ። ግማሽ ቀን ሙሉ አብሬህ ዋልኩ፣ አልተመለስክም።»

ይህን ስተረጉም ድምፄ ተቀየረ፤ ባለሙያ እንዲህ አይሆንም። እኔም ገና መስማቴ ነበር።

አባቴ ወደ ባሌ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ባሌ መሬት መሬት አየ። «ቴክሳስ ይረክሳል፣ አባባ።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ገጥመው ተነጋገሩ። ሐጂ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል አልሰማህም፣ ልጄ?» አሉት። ሌላው ነጠላቸውን አስተካከሉ። አባቴ ፈረዱ፤ ለእኛ አይደለም የፈረዱት።

«የዋሱ ነገር እንዳለ ነው፤ ዋስ ይከበራል» አሉ። «ግን ይህ ሰው ተበድሏል። ጎረቤቱ ሆነን፣ ደክሞ አሳይቶን፣ በሩን ዘለን ሄድን። የበደለ ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲያ ነው የዋስ ነገር የሚነሳው። በል፣ አንተ፣ እንደ ሥርዓቱ።»

ባሌ የገጠር ልጅ ነው፤ ሥርዓቱን ያውቃል። ዞሮ ወጣ። እኔም ለመኪና ቁልፍ የወጣ ነው የመሰለኝ።

ኮሎራዶ ውስጥ ውሃ ለመቆጠብ ሣር የሚነቅሉ ድርጅቶች ደጃፋቸውን በድንጋይ ያስጌጡታል። ባሌ ከዚያ ውስጥ ደህናውን መርጦ፣ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በመስታወቱ በር ገባ። ፊቱ አይታይም፤ የሚታየው ድንጋዩ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ሰርቪሱ ኃላፊ ነው የሚሄደው።

የእንግዳ መቀበያዋ ጮኸች። ሰልፉ ተበተነ። ኃላፊው አንድ እጁን ዘርግቶ፣ በሌላው ሬዲዮውን መዝዞ፣ «ሰር! ድንጋዩን አስቀምጥ! ሰር!» ይላል። አባቴ ደግሞ በአማርኛ «እንዳታስቀምጠው! እሱ ራሱ ነው የሚያነሳልህ!» ይላሉ። ባሌ ከነድንጋዩ መሀል ላይ ቀረ። ሥራዬን በያዝኩበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ «አስተርጓሚዋ ማብራራት ትፈልጋለች! ድንጋዩ የሚወረወር አይደለም! ይቅርታ ነው! ድንጋዩ ይቅርታ ነው!»

የተበተነው ሰልፍ ዞሮ አየኝ።

«ይቅርታ ነው?» አለ ሰውዬው።

በድያለሁ የሚል ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚመጣ፣ ይቅር ያለ ሰው ደግሞ በእጁ እንደሚያወርድለት አስረዳሁት። ሰውዬው ሬዲዮውን ወገቡ ላይ መለሰ። ባሌ አጠገብ መጥቶ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሳለት፤ ከበደው። ታቅፎት እንደቆመ፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ሥራ ስሠራ» አለ፣ «ማንም ሰው ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም።» ዓይኑ ቀላ። የእኔም ቀላ፤ አልዋሽም።

አባቴ ይህን ሲያዩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሁለቱም ተከትለው ተቀመጡ። ሐጂ አሁን ቡናውን እንዲያመጡላቸው ጠየቁ።

ተራ ማስቀደም አልችልም አለ ሰውዬው። አባቴም አይገባም አሉ። ግድግዳውን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር በተራው ነው የሚሠራው፤ ዋሱንም ኢንዲያና ደውሎ በራሱ እንደሚያናግረው ቃል ገባ። ግድግዳውን ግን መግፋት ዋራንቲ አይጠይቅም አለ። ያን ቀን ከሥራ ሲወጣ ቤታችን መጣ፤ ከሥር ገብቶ የሆነ ነገር ፈታ፤ እሱና ባሌ፣ ሽማግሌዎቹና የመኪና ቦታው የተያዘበት ጎረቤታችን ትከሻቸውን ሰጥተው ገፉት። ገባ። እስክትመለሱ እንዳትከፍቱት አለ። ሳይከፈት አርቪው ውስጥ መተላለፊያ የለም፤ ሶፋው አልጋውን፣ አልጋው ምድጃውን ይነካል። የሽንት ቤቱ በር ግን ለመግባት ያህል ይከፈታል።

ጠዋት ተነሳን። ዋዮሚንግን ስናቋርጥ ባሌ፣ «ከሌላ ቦታ የተገዛ ነው ብሎ እምቢ ማለት ግን ልክ አይደለም» አለ። አባቴ ተጣጥፈው ከተኙበት ሆነው «አይደለም» አሉት። ቀጥለው «አንተም ልክ አልነበርክም» አሉ። እስከ አይዳሆ ማንም ሌላ አስተያየት አልሰጠም።

ሲያትል ስንደርስ ያዘንባል። በሩን ሊከፍቱልን የመጡት አክስቴ ራሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው ከኋላ ቆማለች። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። አክስቴ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው።

«ማን ልበል?» አሉ። «ክፍል ፈልገው ነው?»

ባሌ ክንዴን ያዘኝ። አባቴ ያን ያህል መንገድ ሲመጡ የፈሩት ይቺኑ ነበር።

«ዋስ አለዎት?» አሉ አክስቴ። «ያለ ዋስ አላስገባም።»

አባቴ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አለኝ» አሉ።

«ማን ነው?»

«እህቴ ናት።»

«የምትታመን ናት?»

«ቤቷን አስይዛልኛለች።»

አክስቴ በሩን እንደያዙ አሰቡ። «ቤቷን?»

«ቤቷን።»

«ታዲያ ምን ዝናብ ላይ ያስቆምሃል፣ አንተ ልጅ?» አሉ። «ግባ። በልተሃል?»

አባቴ ታወቅሁ ወይ ብለው አልጠየቁም። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።